ሠላሳ ሜትር ከውሃው

«ትናንት የነገርሽኝና ዛሬ የምትነግሪኝ አይገናኝም!» አለ ኦልሜዶ። «‹ቤታችሁ ይተርፋል› ያልሽኝ አንቺ ነሽ። እዚህችው ጀልባ ላይ፣ እዚሁ ቦታ ቆመሽ።»

«ቀስ በል፣ ሰው ይሰማል» አለች ኤነይዳ።

«ይስማ!»

ሰው እየሰማ ነበር። መሻገሪያዋ ጀልባ ዘጠኝ ተሳፋሪ፣ ሁለት ሞተር ብስክሌትና አንድ ገበቴ ዓሣ ጭና የሲኑ ወንዝ አጋማሽ ላይ ደርሳለች። ጣሪያ ያላት ዝርግ የእንጨት ጀልባ ናት። ከዳር እስከ ዳር በተወጠረ የብረት ገመድ ላይ ታስራ፣ ሞተር ሳይኖራት፣ ወንዙ ራሱ እየገፋ ያሻግራታል። ኦልሜዶ እንደ አባቱ የዚህች ጀልባ አሻጋሪ ነው። ጀልባ ላይ ተጣልቶ ጥሎ መሄድ የለም፤ ማዶ እስኪደረስ የተጣሉትም አብረው ይቆማሉ፣ የቀረውም ያደምጣል።

«ኦልሜዶ፣ ወይ ተጣላ ወይ ገመዱን ያዝ» አለች ዓሣ ሻጯ ዶኛ ቤርሴሊያ። «ዓሣዬን ፀሐይ እየቀቀለው ነው።»

«ተዪው እንጂ» አለ ሞተር ብስክሌቱ ላይ እንደተቀመጠ የቀረ አንድ ሰውዬ። «ኢንጂነሯ ለክታው ሳይሞላላት ቀርቶ ነው።»

ጀልባዋ በሳቅ ተናጋች። ኦልሜዶ ገመዱን ሳብ አደረገና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቀጠለ።

«አለቃሽ ነው የከለከለሽ?»

«ማንም አልከለከለኝም።»

«ታዲያ የቤተ ጸሎቱን ቁጥር ለምን አትልኪውም? የለካሽው አንቺ፣ ያገኘሽው አንቺ። በአንድ ሌሊት ምን ተለወጠ? አንድ ምክንያት ስጪኝ። ውሸትም ቢሆን ስጪኝ፣ አምንሻለሁ።»

ኤነይዳ ውሃውን አየች። ከላይ አገር ዘንቦ ስለነበር ወንዙ ደፍርሷል፤ አንድ የሙዝ ግንድ ቀስ እያለ እየተሽከረከረ ያልፋል። ምክንያቱ ምላሷ ላይ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ብትናገረው ይህ ሰው ጥርጣሬውን ትቶ እጇን ይይዛታል። ከዚያ በኋላ ግን በሕይወቱ ሙሉ እንቅልፍ አይወስደውም።

«የለኝም» አለች።

ጀልባዋ ማዶ ደረሰች። እሱ ለዶኛ ቤርሴሊያ ገበቴውን አወረደላት፤ ለኤነይዳ ግን ሁልጊዜ እንደሚያደርገው እጁን አልዘረጋላትም።

*

ኤነይዳ ሳንታ ሩፊና ወደተባለው መንደር የመጣችው ከስምንት ወር በፊት ነበር። አንድ ዩኒቨርሲቲ ከመንደሩ በታች ያለውን የከብት ግጦሽ ገዝቶ፣ ወንዙን ተከትሎ አዲስ ግቢ ሊሠራ ተዘጋጅቷል። ሕጉ ደግሞ ወንዙ በታሪኩ ሞልቶ ከደረሰበት ከፍተኛ ቦታ ጀምሮ ሠላሳ ሜትር ባዶ ይተው ይላል። በዚያ ክልል ውስጥ ማንም አይሠራም፣ ማንም አይኖርም። ቀድሞ የሠራም ካለ ይነሣል።

ዋናው ጥያቄ ታዲያ ወንዙ እስከየት ሞልቶ ነበር የሚለው ነው። የውሃውን ከፍታ የሚመዘግበውን መለኪያ ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ያ ትልቁ ጎርፍ ራሱ ነቅሎ ወስዶታል። እንዲህ ሲሆን የፕላን መሥሪያ ቤቱ አሠራር ቀላል ነው፤ ጎርፉን በዓይኑ ያየ ሰው ምሎ ከሚያሳየው ምልክት፣ ሌላ ልኬት ካላስተባበለው፣ ከፍ ያለው ይወሰዳል። ምልክቶቹን እንድትሰበስብ ከሞንቴሪያ የተላከችው ቀያሽ ኤነይዳ ዶሪያ ነበረች። የሃያ አምስት ዓመት ልጅ፣ ሰፊ ባርኔጣና ጭቃ የለመደ ቡትስ ያላት።

የወንዝ ዳር ሰው በጎርፍ ይኮራል። እንደ ሌላ አገር ሰው ቤቴን ውሃ ነካው ብሎ አያዝንም፤ ያንተን ከነካው በላይ የእኔን ነክቶታል ብሎ ይከራከራል እንጂ።

«እኛ ቤት እስከ መስኮቱ ገብቷል፤ ጻፊ» አለቻት አንዷ።

«መስኮት? ምን መስኮት!» አለ ጎረቤቷ። «ያኔ የናንተ ቤት መስኮት ነበረው እንዴ? እኔ አውራ ዶሮዬን ጣሪያው ላይ ነው የመገብኩት። ጻፊ፣ ኢንጂነር፣ ጣሪያ በይ።»

ኤነይዳ እየሳቀች ትጽፍ ነበር፤ ማሉ ሲባሉ ግን ሁሉም ያፈገፍጉ ነበር። መለኪያውን ዘንግ የሚይዝላት ሰው ሲጠፋ ኦልሜዶ ከጀልባው ላይ ሆኖ «እኔ ልያዝልሽ» አላት። በመሣሪያዋ መነጽር ውስጥ ዘንጉና ቁጥሩ፣ ቁጥሩ ሥርም ዘንጉን የያዙት ጣቶች ይታያሉ፤ ሌላ ነገር አይታይም። በገመድ የሻከሩ፣ ጠባሳ ያለባቸው፣ ነገር ግን ቀጥ ያድርጉት ሲባሉ የማይነቃነቁ ጣቶች ነበሩ። ፊቱን ሳይሆን እነሱን ነው አስቀድማ የወደደችው።

«ወደ ግራ ዘንበል ብሏል» ትለዋለች።

«እኔ ነኝ ወይስ ዘንጉ?»

«ዘንጉ።»

«እንግዲያው እኔ ቀጥ ያልኩ ነኝ ማለት ነው። ይሄንንም ጻፊው።»

የኦልሜዶ አባት ዶን አርጌሚሮ ቤሮካል የመጨረሻው ምስክር ነበር። ጎርፉ የደረሰበትን ለማሳየት ወንዙ ዳር ወዳለ አንድ ትልቅ የካምፓኖ ዛፍ ወሰዳት። ከዛፉ አጠገብ የቀድሞ ቤቱ መሠረት ድንጋዮች ብቻ ቀርተዋል፤ አዲሱን ቤት የሠራው ከዚያ ሽቅብ፣ ሜዳው ከፍ ከሚልበት ላይ ነው። እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ግንዱ ለሁለት የሚከፈልበትን በጣቱ ጫፍ ነካ።

«እዚህ» አለ። «ሴት ልጄን የወሰደው ውሃ እዚህ ደርሶ ነበር።»

ተከትለው የመጡት ጎረቤቶች ባርኔጣቸውን አወለቁ። ስለዚህ ምልክት ማንም አልተከራከረም። ዶን አርጌሚሮ ምሎ ወረቀቱ ላይ በዝግታ፣ በትልልቅ ፊደል ፈረመ።

*

ፍቅራቸው በዝግታ መጣ። ኤነይዳ ከሥራ ስትወጣ የመጨረሻዋን ጀልባ ትጠብቃለች፤ የመጨረሻዋ ጀልባ ደግሞ እሷን ትጠብቃለች። የኦልሜዶ እናት ዶኛ ዴልፋ እሑድ እሑድ ያም የሚባል ሥራ ሥርና አይብ ያለበት ሾርባ ሠርታ ትጠራታለች፤ ሳህኗ ሳይጎድል ትጨምርባታለች።

«ቀያሽ ቀጭን ከሆነ መስመሩም ቀጭን ይሆናል» ትላለች ዶኛ ዴልፋ። «ብዪ ልጄ።»

ግድግዳው ላይ በክፈፍ የተቀመጠ የሕፃን ሥዕል አለ፤ ዙሌማ፣ የሰባት ወር። ዶኛ ዴልፋ በአጠገቡ ባለፈች ቁጥር አቧራ ባይኖረውም በቀሚሷ ጫፍ ታብሰዋለች።

በግንቦት ኦልሜዶ ከቤቱ ጀርባ ሳንቃ መከመር ጀመረ። ኤነይዳ ምን ሊሠራ እንደሆነ ስትጠይቀው፣ «ክፍል» አላት።

«የምን ክፍል?»

«ወንዙን የሚያይ መስኮት ያለው ክፍል። ሁለት ሰው የሚበቃው።» ሳንቃውን እያስተካከለ ነበር፤ ቀና አላለም። «ካላስደሰተሽ በሩን ወደ ዶሮዎቹ አዞረውና የዶሮ ቤት አደርገዋለሁ።»

«መስኮቱን ትልቅ አድርገው» አለች። ኦልሜዶ ሁለት ሳንቃ ከክምሩ ለይቶ አስቀመጠ።

መስመሩን ካርታው ላይ ያሰመረችው በሰኔ ነው። ከካምፓኖው ዛፍ ምልክት ተነሥታ፣ ውሃው በዚያ ከፍታ ሜዳው ላይ እስከየት እንደሚተኛ አስልታ፣ ከዚያ ሠላሳ ሜትር ጨመረች። መስመሩ ከዶኛ ዴልፋ ጓሮ ስምንት እርምጃ አልፎ ወጣ። ቤቱ፣ ጓሮው፣ የተከመረው ሳንቃ ሁሉ ከክልሉ ውስጥ ገቡ። በዚያ በኩል ሌላ ቤት አልነበረም። ሁለት ጊዜ ደግማ አሰላች። ከዚያ ሄዳ ለኦልሜዶ ነገረችው፤ አለቀሰች፤ እሱ ነው ያጽናናት።

«ታዲያ መስመሩን ትንሽ ዝቅ ብታደርጊውስ?» አላት በዚያ ቀን።

«መስመሩን እኔ አላወጣሁትም። ውሃው ነው ያወጣው።»

«ውሃው ጠላቴ ነው፣ አንቺን አልወቅስም» አለ ኦልሜዶ።

ወሩ ሊያልቅ ሲል፣ ሥራዋን ለማጣራት ብላ ወደ ቤተ ጸሎቱ ወጣች። የቤተ ጸሎቱ ጠባቂ፣ ዓይኑ የደከመ ሽማግሌ፣ በር ላይ ተቀምጦ ነበር። በጎርፉ ጊዜ አርባ ሰው እዚያ ማደሩን ነገራት።

«ውሃው ሁለተኛዋን ደረጃ ላሰና ቆመ» አለ። «ሦስተኛዋ ላይ የተኛነው ሰዎች ካልሲያችን አልራሰም። እኔ ካልሲ አልነበረኝም እንጂ።»

ኤነይዳ ሣቀች፤ ከልማድ የተነሣ ብቻ መሣሪያዋን ተከለች። የሁለተኛው ደረጃ ቁጥር ከዛፉ ምልክት በአንድ ሜትር ከአርባ ሳንቲም ዝቅ ያለ ነበር። ዘንጉን አስይዛ ደገመችው፤ ያው ነው። ውሃ በአንድ ሜዳ ላይ ሁለት ከፍታ የለውም። ውሃው በእርግጥ የዛፉ መከፈያ ላይ ደርሶ ቢሆን ኖሮ በቤተ ጸሎቱ ውስጥ ያደሩት አርባ ሰዎች ወገባቸው ድረስ በተዘፈቁ ነበር።

በዚያ ስሌት መስመሩ ወደ ወንዙ ሃምሳ ሜትር ይመለሳል። የዶኛ ዴልፋ ቤት ከክልሉ በአሥራ አንድ እርምጃ ይወጣል።

ወደ ጀልባዋ በሩጫ ወረደች። «ይተርፋል!» አለችው። «ቤታችሁ ይተርፋል! አባትህ ተሳስተዋል፤ ሰው በጭንቅ ጊዜ እንዲህ ይሳሳታል። ቁጥሩን ነገ እልከዋለሁ።» ኦልሜዶ ከነቦርሳዋ አነሣት። ተሳፋሪው አጨበጨበ፤ አንዱም «ገመዱን! ገመዱን ያዝ እንጂ አንተ ሰው!» ብሎ ጮኸ።

*

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ዶን አርጌሚሮ ዛፉ ሥር ችካል ስትመታ አገኛት። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፤ እንደ እሑድ።

«የቤተ ጸሎቱን ቁጥር ለማን ሰጠሽው ልጄ?»

«ገና ነው ዶን አርጌሚሮ። ነገ ጠዋት ይሄዳል። ኦልሜዶ ነገረዎት?»

«ምሳ ላይ ነገረን። ዴልፋ ወደ ጓዳ ገባች፤ አልሰማችም ይመስለኛል።» ባርኔጣውን አወለቀ። «አትላኪው።»

«ቤትዎ ይተርፋል እኮ!»

«ይገባኛል። አትላኪው።»

ካንዱ የመሠረት ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አኑሮ ጠርዙን በጣቱ እያዞረ ይናገር ጀመር፤ አንድም ጊዜ አላያትም።

«ዴልፋ ያኔ የእናቷን ለቅሶ ለመድረስ ማዶ ሄዳ ነበር። ልጆቹ እኔ ዘንድ ናቸው። ጎህ ሲቀድ ውሃው ደጃፍ ደረሰ። ገመዱ ሊበጠስ ሲጢጥ ይላል፤ ድምፁ ይሰማኛል። ጀልባዋ ከሄደች ምን በልተን እንኖራለን አልኩ። ኦልሜዶን ጠረጴዛ ላይ አቆምኩት፤ አራት ዓመቱ ነው። ሕፃኗ በተንጠልጣይ አልጋዋ ተኝታለች። ቶሎ እመለሳለሁ አልኩ። ገመዱን ስቋጥር፣ ስቋጥር…»

«ዶን አርጌሚሮ…»

«ቆይ ልጄ። ስመለስ ውሃው እስከዚህ ነበር።» እጁን በቀበቶው ላይ አሳረፈ። «እስከዚህ ብቻ። ሰው በእግሩ የሚሄድበት ውሃ። አልጋዋ ግን ዝቅ ብላ ነበር የታሰረችው፤ ዴልፋ ቁጭ ብላ እንድታጠባ ብዬ እኔው ነበርኩ ያሰርኳት።»

ወንዙ ላይ የጀልባዋ ገመድ ሲጢጥ ሲል ተሰማ። ኦልሜዶ ሰው እያሻገረ ነበር።

«ለዴልፋ እስከ ዛፉ መከፈያ ደርሶ ነበር አልኳት። ‹እስከዚያ ከደረሰ ምን ልታደርግ ትችል ነበር› አለችና ከጎኔ ተኛች። ሃያ ሁለት ዓመት በዚያች ቃል ላይ ነው የተኛነው። ቤት ሌላ ቦታ ይሠራል። ያቺን ቃል ግን የት እሠራታለሁ?»

ኤነይዳ ሣሩ ላይ ተቀመጠች። «ለኦልሜዶ ልንገረው» አለች። «ለእሱ ብቻ። እሱ ይረዳዎታል።»

«እኔን ይቅር ሊለኝ ይችላል» አለ ሽማግሌው። «የቆመበት ጠረጴዛ ግን ከአልጋዋ ክንድ አይርቅም ነበር። እጁን ቢዘረጋ ይደርስባት ነበር። አራት ዓመቱ ነበር፤ ምን ያውቃል! አሁን ግን ሃያ ስድስት ሆኖታል። ቢሰማ እጁን ነው የሚያየው። ሁልጊዜ።»

ኤነይዳ እነዚያን ጣቶች አሰበች።

«አልናገርም» አለች።

*

ለመንደሩ የተጠራው ስብሰባ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ነበር። ሙቀቱ ከባድ ነው፤ ሰው በስብሰባው ወረቀት ያራግባል። ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጡት ኢንጂነር ቪያልባ ካርታውን ግድግዳ ላይ ሰቀሉ። ዶኛ ዴልፋና ዶን አርጌሚሮ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ኦልሜዶ ከኋላ ቆሟል።

የዩኒቨርሲቲው ጠበቃ ጨዋ ሰው ነበር። «የተከበራችሁ ነዋሪዎች፣ መስመሩ ወደ ወንዙ ትንሽ ቢወርድ ቤተ መጻሕፍታችን ለወንዙ ይቀርባል፤ ያ የቤሮካል ቤተሰብ ቤትም አይነካም። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ» አለና ወደ ኤነይዳ ዞረ። «ከዛፉ ሌላ ምልክት አላገኙም?»

«የተማለለት ምልክት እሱ ብቻ ነው» አለች ኤነይዳ።

«ቤተ ጸሎቱስ?» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ።

ሰው ሁሉ ዞረ። ኦልሜዶ ወደ ፊት እየመጣ ነበር።

«የቤተ ጸሎቱ ሁለተኛ ደረጃስ? ለክተሽው የለም? አንድ ሜትር ከአርባ ነው አላልሽኝም? ተናገሪ! ቁጥሩ አንቺ ጋ ነው፤ ከማስታወሻሽ አውጪው።»

ኢንጂነር ቪያልባ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አደረጉ። «እውነት ነው?»

ኤነይዳ ተነሣች። የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች።

«ለክቼዋለሁ። ግን ለመረጃ አይሆንም። ደረጃው ከጎርፉ በኋላ ሲሚንቶ ተለብጧል፤ የቀድሞው ከፍታ አይታወቅም።»

እውነት ነው፤ ተለብጧል። ሲሚንቶው ከሁለት ጣት ውፍረት እንደማያልፍ ግን አልተናገረችም።

«ሁለት ጣት ሲሚንቶ!» አለ ኦልሜዶ። «ሁለት ጣት! አባባ፣ እርስዎ ይንገሯቸው። ተሳስቼ ይሆናል ይበሉ። ጨለማ ነበር፣ ደንግጬ ነበር ይበሉ። ምን አለበት?»

ዶን አርጌሚሮ አፉን ከፈተ። የሚያራግበው ወረቀት ሁሉ ቆመ። ዶኛ ዴልፋ ናት የቀደመችው።

«ኦልሜዶ፣ ተቀመጥ።»

«እማማ፣ ቤታችን እኮ ነው!»

«ተቀመጥ አልኩህ። የእህትህን ውሃ ለሳንቃ ብለህ አትለካ። ውሃው የት እንደደረሰ እኔ አውቃለሁ።» ይህን ስትል ልጇን አላየችም። ዓይኖቿ የባርኔጣውን ጠርዝ በሚያዞሩት የባሏ እጆች ላይ ነበሩ። ቀስ ብላ እጇን አሳረፈችባቸው።

ኢንጂነር ቪያልባ ጉሮሯቸውን ጠርገው ወደሚቀጥለው ነጥብ ተሻገሩ። ዛፉ ጸደቀ።

ውጭ፣ የትምህርት ቤቱ አጥር ጥግ ላይ፣ ኦልሜዶ ጠበቃት። ይጮህብኛል ብላ ነበር። አልጮኸም።

«ለእድገት ነው?» አለ። «ሞንቴሪያ ሲመልሱሽ ‹ዩኒቨርሲቲውን ሃምሳ ሜትር ያስለቀቀች› ሊሉሽ ነው? ይህን ብቻ ንገሪኝና ልተኛ።»

«ካመንከው ይሁን» አለች።

«አላመንኩትም። ችግሬ እሱ ነው። ምንም ማመን አቅቶኛል።»

ሊነካት የፈለገ መሰለ፤ እጁ መንገድ ጀምሮ ቆመ። ከዚያ ወዲያ ጀልባ ላይ ባገኛት ቁጥር እርስዎ ይላት ጀመር። «ይግቡ ኢንጂነር። ደረጃው ያንሸራትታል፤ ይጠንቀቁ።» ሌላው ተሳፋሪ ይህን ያህል ትሕትና ከየት አመጣ ብሎ ሳቀበት። ለእሷ ግን እያንዳንዱ «እርስዎ» አንድ እርምጃ ነበር፤ በመጨረሻ ስንት እርምጃ እንደራቀች መቁጠር ተወች።

በመስከረም ወደ ላይኛው ወንዝ፣ ወደ ቲዬራልታ እንድትዛወር ጠየቀች። የጠየቀችውን ሰጧት።

*

በሲኑ ወንዝ ዳር ቤት ሲነሣ አይፈርስም። የዘንባባ ጣሪያ ያለው ቤት ከመሠረቱ ይፈታና፣ ጣሪያው ከነወራጁ በረጃጅም አጣና ላይ ታስሮ፣ መንደሩ በትከሻው ይሸከመዋል። የቤሮካል ቤት የተነሣው በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። አዲሱ ቦታ ከመንገዱ ማዶ፣ ከኮረብታው ጀርባ ነው። ከዚያ ወንዙ አይታይም።

ሃምሳ የሚሆን ወንድ አጣናው ሥር ገባ። ሴቶቹ ውሃና ፓኔላ የሚሉትን የሸንኮራ ስኳር ይዘው በጎን ይሄዳሉ። ዶኛ ዴልፋ የሕፃኗን ሥዕል በፎጣ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ይዛለች። ዶን አርጌሚሮ ትከሻውን ሊሰጥ ሲል ከለከሉት፤ ስለዚህ ፊት ፊት እየሄደ ድንጋይ ያነሣል። ኤነይዳ መምጣት አልነበረባትም፤ ወደ ቲዬራልታ የሚወስዳት አውቶቡስ በአራት ሰዓት ነው። ግን መጣች። እጁ ባዶ የሆነ ሌላ ሰው ስለጠፋ፣ ዶኛ ዴልፋ የሳህኖቹን ቅርጫት አስያዘቻት።

«ከበደሽ?»

«አይ፣ ቀላል ነው።»

«ቀላል አይደለም» አለች ዶኛ ዴልፋ ቀስ ብላ። ለአፍታ የኤነይዳን ጉንጭ በመዳፏ ጀርባ ነካች፤ ከዚያ ቀድማ ሄደች።

ጣሪያው ተነሣ። ሃምሳ ጥንድ እግር ያለው ትልቅ ቡናማ እንስሳ መስሎ ሽቅብ መራመድ ጀመረ።

«አንድ! ሁለት! ማነው የሚያርፍብኝ?»

«እኔ አይደለሁም፣ ሆድህ ነው!»

«ቀስ በሉ፣ ውስጡ አይጥ አለ፤ እሱንም እየተሸከምን ነው!»

«ከቤት ኪራዩ ይቀነስለት!»

ኦልሜዶ በግራ በኩል የፊተኛው አጣና ሥር ነበር። ላብ ዓይኑ ውስጥ ይገባል፤ እጆቹ አጣናውን ስለያዙ አይጠርገውም። ጣቶቹ እንደ ድሮው ናቸው፤ አንዴ ከያዙ አይነቃነቁም። ኤነይዳ በአምስት እርምጃ ርቀት በጎኑ ትሄድ ነበር። አንገቱ አጣናው ሥር ስለታጠፈ መሬቱን እንጂ ሌላ ነገር አያይም።

መንገዱን ከተሻገሩ በኋላ ጣሪያውን ሊያሳርፉ ሲሉ ክርክር ተነሣ።

«በሩ ወደ ምሥራቅ!» አለ አንዱ።

«ምሥራቅ ፀሐይ ነው፤ ይጠበሳሉ! ወደ ንፋሱ አዙሩት።»

«ንፋሱ ከየት ነው የሚመጣው?»

«ከአፍህ!»

«ዴልፋ ትንገረን፤ ቤቱ የሷ ነው። ዶኛ ዴልፋ! በሩ ወዴት ይሁን?»

«እኔ ምን አውቄ! ኦልሜዶ ይበል።»

«ኦልሜዶ ይበል! ቶሎ በል፣ ትከሻችን አለቀ!»

«ወደ ቀኝ» አለ ኦልሜዶ ከሥር። «ትንሽ ወደ ቀኝ። ትንሽ። ኧረ ቀኝ ነው ያልኳችሁ!»

ሃምሳው ሰው በአንድነት መዞር ጀመረ፤ ግማሹ ወደ ቀኝ፣ ግማሹ ወደ ግራ፤ ሴቶቹ በሳቅ ሆዳቸውን ያዙ። ኤነይዳ የሳህኖቹን ቅርጫት አንድ የደረቀ ጉቶ ላይ አስቀመጠችና ፎጣውን አለበሰችው። ቦርሳዋን ከትከሻዋ አስተካክላ፣ በመጡበት መንገድ ወደ አውቶቡሱ ማቆሚያ ወረደች።

«አሁን!» አለ ከጣሪያው ሥር አንድ ድምፅ። «አሁን ቀስ አድርጋችሁ አውርዱት።»